«ፎርማት ይደረግ» እስከ መቼ?

ጌጃ ሰፈር ውስጥ ኮምፒውተር ሲታመም መድኃኒቱ አንድ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ!» የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍም ሆነ የሱቅ ሒሳብ አብሮ ይጠፋል። ሊኑክስ የጀመሩ ጓደኞቻችንም ይህንኑ ልማድ ይዘው ገብተዋል። «ፈቃድ የለህም» ሲላቸው የፋይሉ ባለቤት ማን እንደሆነ ሳይጠይቁ በ«ሱዶ» 777 ይሰጡታል። ይህ ደግሞ የቤትን በር ነቅሎ መጣል ነው፤ ማንም ገብቶ ይጽፋል፣ ይሰርዛል።

እኛ ጋዜጠኝነት ስንማር ቀዳሚው ትምህርት ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት የሚለው ነበር። ሊኑክስም መልሱን ጽፎ ያስቀምጣል። የሎግ መስመር ሰዓቱን፣ የማሽኑን ስም፣ የፕሮግራሙን ስምና የሆነውን ነገር በተርታ ይናገራል። የሚያነበው ጠፋ እንጂ!

እስቲ የአገራችንን ጉድ እንይ። ጀማሪው ስክሪፕቱ ጠዋት 2 ሰዓት እንዲነሳ ክሮን ላይ 2 ብሎ ይጽፋል። ማሽኑ የአዲስ አበባን ሰዓት የሚከተል ከሆነ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይነሳል። በዩቲሲ የሚቆጥር ከሆነ ደግሞ 3 ሰዓት ስለሚዘገይ ንጋት 11 ሰዓት ይሆናል። ታዲያ ምን ተበላሸ? ምንም! «ዴት» ብሎ ሰዓቱን መጠየቅ ይበቃ ነበር። ዊንዶውስ ላይ የተጻፈ ስክሪፕት አልነሳ ሲልም ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በየመስመሩ መጨረሻ የቀረች የማትታይ ምልክት ናት እንጂ እርግማን አይደለም።

አስተማሪዎቻችን ሆይ፣ ትእዛዝ ከማስሸምደዳችሁ በፊት የስሕተት መልእክት ማንበብን አስተምሩን። እንግሊዝኛው የሚከብደው ካለ በአማርኛ አስረዱት። ምክንያቱን ሳያውቅ የጠገነ ነገም እዚያው ይቆማል።