ዘጌ በየት በኩል ነው?

የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ በየዓመቱ የሚሰማው ቁጥር አንገት ያስደፋል። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ጥፋቱ በኩረጃ፣ በመምህራን፣ በጦርነቱ ሲላከክ ከርሟል። ሁሉም ድርሻ አለው። ሽምደዳ ግን ብዙም አይነሳም።

ትሪጎኖሜትሪ ጥሩ ማሳያ ነው። ሳይን 210 ዲግሪ ስንት ነው? ካልኩሌተር ፈተና ክፍል አይገባም። ተማሪው «ኦል ስቱደንትስ ቴክ ካልኩለስ» የምትለዋን የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ሸምድዶ ይገባል። ሲደነግጥ ቅደም ተከተሏ ይጠፋበታል፤ መጠኑን አግኝቶ ምልክቱን ይስታል። የምርጫ ጥያቄ አይራራም፤ 1/2ም −1/2ም ተጽፈው ይጠብቁታል።

የባሕር ዳር ልጅ ግን መልሱን በእግሩ ያውቀዋል። ከከተማው መሃል ተነስቶ 1 ኪሎ ሜትር ቀጥ ብሎ ቢሄድ፣ ወደ ምሥራቅ የራቀው ኮሳይን፣ ወደ ሰሜን የራቀው ሳይን ነው። ምዕራብና ደቡብ ኔጋቲቭ ናቸው። ማዕዘኑ ከምሥራቅ ተነስቶ በሰሜን በኩል እየዞረ ይቆጠራል።

ደብረ ታቦር ሰሜን ምሥራቅ ናት፤ ሁለቱም ፖዘቲቭ። ዘጌ በሐይቁ ዳር ሰሜን ምዕራብ ናት፤ ሳይን ብቻ ፖዘቲቭ። መራዊ ደቡብ ምዕራብ ናት፤ ሁለቱም ኔጋቲቭ። ጢስ ዓባይ ደቡብ ምሥራቅ ነው፤ ኮሳይን ብቻ ፖዘቲቭ። ታንጀንት ሳይን ለኮሳይን ሲካፈል ስለሆነ፣ የሁለቱ ምልክት ከተመሳሰለ ፖዘቲቭ ነው።

የቀረው ሪፈረንስ አንግል ነው፦ መንገዱ ከምሥራቅ–ምዕራብ መስመር በስንት ዲግሪ ይርቃል? 210 ከ180 በ30 ይበልጣል። ሳይን 30 ዲግሪ 1/2 ነው። አቅጣጫው በመራዊ በኩል ስለሆነ መልሱ −1/2። ኮሳይን 150 ዲግሪስ? ለ180 የቀረው 30 ነው፤ መጠኑ √3/2፤ በዘጌ በኩል ስለሆነ −√3/2።

«ምዕራፍ መጨረስ አለብን፤ ለዚህ ጊዜ የለም» የሚል መምህር ይኖራል። እውነት አለው። ግን ጥያቄዎቹ ሁለት ብቻ ናቸው፦ ስንት ዲግሪ ይርቃል? በየት በኩል ነው? ለዚህ አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል። ያለዚያ የተጨረሰ ምዕራፍ ፈተና ላይ አይገኝም።

በአማራ ክልል ደግሞ ጉዳዩ ከውጤትም በላይ ነው። በግጭቱ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ብዙ ልጆች ከመጽሐፍ ጋር ለብቻቸው ቀርተዋል። የሸመደደ ልጅ ሲረሳ የሚጠይቀው የለም። የገባው ግን ቢረሳም ራሱ መልሶ ይሠራዋል።

ስለዚህ መምህርም፣ አስጠኚም፣ ታላቅ ወንድምና እህትም መልሱን ብቻ አይቀበሉ። «ለምን ኔጋቲቭ ሆነ?» ብለው ይጠይቁ። ልጁ መልስ ካጣ፣ በመስኮት በኩል ዘጌን ያሳዩት።