ለስላሳ ድምፅ በካርቶን ታሽጎ አይመጣም

"ለጃዝ የሚሆን ትራምፔት" የምትል ማስታወቂያ ቴሌግራም ላይ በዝታለች። ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ ፒስተኖቹ ወርቅ የሚመስሉ፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ። ከፎቶው ሥር "ለስላሳ ድምፅ" ተብሎ ተጽፏል። ዝም ብዬ ላልፈው ነበር፤ ግን ያስተማርኳቸው ልጆች የዕቁብ ብራቸውን ይዘው ወደዚያ እየሄዱ ስለሆነ አልቻልኩም።

ባለፈው ሳምንት አንዱ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ፊዚክስ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ አሁን እዚሁ ሰበታ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ በተዋሰው መሣሪያ ሠርግ ላይ ይነፋል። "ቲቸር፣ ዕቁብ ደርሶኛል። እንደ ማይልስ ዴቪስ ለስለስ የሚል ትራምፔት የትኛው ነው?" ይላል። ከሥሩ ሦስት ምርጫ ደርድሯል። አንደኛው ያ ጥቁሩ አዲስ። ሁለተኛው ቤሉ ላይ ትንሽ ጭረት ያለው ያገለገለ ያማሃ። ሦስተኛው አሜሪካ ያለች አክስቱ "ግማሹን አንተ ከቻልክ ግማሹን እኔ እሞላለሁ" ያለችው ባክ ስትራዲቫሪየስ። አዲሱ ባክ ከ3,000 ዶላር በላይ ነው። ብር ከሐምሌ 2016 ወዲህ የደረሰበትን እያያችሁ ግማሹን አስሉት።

መልሴን ከፊት ላስቀድም፤ ያማሃውን ግዛ። ከተረፈህ ብር ላይ ደግሞ ለማውዝፒስ መድብ። ትራምፔት የማይመለከታችሁ ወዳጆቼ እዚህ ላይ ብታልፉኝ አልቀየምም፤ የቀረነው እንቀጥል።

ማይልስ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይነፋው የነበረው ማርቲን ኮሚቲ የሚባለውን ነው። ኢንዲያና ግዛት፣ ኤልክሃርት ከተማ የነበረ ፋብሪካ ሥራ ነው። ቼት ቤከርም ነፍቶታል። ሁለቱም ድምፃቸው ጆሮህ ሥር ቁጭ ብሎ የሚያወራህ ዓይነት ስለሆነ፣ ሰዉ "ምስጢሩ ኮሚቲው ነው" ብሎ ዛሬም አሮጌውን በውድ ዋጋ ያድናል። እሺ፤ ታዲያ ዲዚ ጊሌስፒስ? ያ ቤሉ ወደ ላይ የተቀሰረው የዲዚ ትራምፔት፣ በ1954 የተሠራለት፣ እሱም ማርቲን ኮሚቲ ነው። ዲዚ ግን በዚያው መሣሪያ ጣሪያ የሚበሳ ኖታ ነው የሚያወጣው፤ ፍጥነቱ ደግሞ የመብረቅ ነው። ሁለቱን ተከታትላችሁ ስሙና መሣሪያው አንድ ነው ብላችሁ ለሰው ንገሩ፤ ማንም አያምናችሁም።

ነገሩ ፊዚክስ ነው። ትራምፔት ተዘርግቶ ቢለካ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ የሚሆን የናስ ቱቦ ነው። አንድ ኖታ ስትነፋ የሚወጣው አንድ ድግግሞሽ ብቻ አይደለም፤ የእሱ ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ፣ አራት እጥፍ እያሉ የሚሄዱ ሃርሞኒኮች አብረው ይወጣሉ። (ስታንዲንግ ዌቭ ሳስተምር ከኋላ ወንበር ትተኙ የነበራችሁ፣ አሁን ተመልሳችሁ መጣችሁ።) ከላይ ያሉት ሃርሞኒኮች ሲበዙ ድምፁ ይሾላል፣ ያበራል። ሲያንሱ ይለሰልሳል። ከላይ ያሉትን የሚያበዛው ደግሞ ከሁሉ በፊት የምትነፋበት ጉልበት ነው። በኃይል ስትነፋ ይሾላል፤ ቀስ ስትል ይለሰልሳል። ማይልስና ቼት ቀስ ብለው፣ ማይክ ተጠግተው ነው የሚነፉት። ያንን ደግሞ በየትኛውም ትራምፔት ማድረግ ይቻላል፤ ቻሉበት ማለቴ ግን አይደለም። ቀስ ብሎ ነፍቶ ኖታው እንዳይሞት ማድረግ በኃይል ከመንፋት ይከብዳል።

ቀጥሎ የሚመጣው ማውዝፒሱ ነው። የሳህኑ ጥልቀት ማለቴ ነው፤ ጎድጎድ ያለ ሳህን ድምፁን ያጠቁረዋል፣ ጠፍጣፋው ያሾለዋል። እዚህ ላይ ብዙ ልጅ የሚሳሳትበት ነገር አለ። በባክ አቆጣጠር ፊደሉ ኤ ከሆነ ጥልቁ ነው፣ ወደ ኢ ሲሄድ እየጠበበ ይመጣል። በያማሃ አቆጣጠር ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ኤ ጠፍጣፋው፣ ኢ ጥልቁ። ቁጥሩም እንደዚያው፤ ባክ ላይ ቁጥሩ ሲያንስ ስፋቱ ይጨምራል፣ ያማሃ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ስፋቱም ይጨምራል። ስለዚህ ከያማሃው ሳጥን ውስጥ የምታገኘው 11ቢ4 "ቢ ነው፣ ጥልቅ ነው" ብለህ እንዳትሸወድ፤ ወደ ጠፍጣፋው ያደላል። አብዛኛው ጀማሪ የሚነፋው የባክ 7ሲ ነው። ከእሱ ወደ 3ሲ፣ ከዚያ ከንፈርህ ሲጠነክር ወደ 3ቢ ብትሄድ ለውጡን ራስህ ትሰማዋለህ። ዋጋውን ከአዲስ ትራምፔት ዋጋ ጋር አስተያየው። በአንዴ ጥልቁ ጫፍ ላይ ግን አትዝለል፤ ከፍ ያለው ኖታ ይጠፋብህና ሠርግ ላይ ታፍራለህ።

የመሣሪያው ድርሻ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። አለ፣ ግን ትንሽ ነው። ያማሃ 2330 እና 2335 የተማሪ ናቸው፤ ቤላቸው ቢጫ ናስ ነው፣ ጥርት ያለ ድምፅ አላቸው። 4335 ከሚባሉት ውስጥ ጎልድ ብራስ ቤል ያለው አለ። ጎልድ ብራስ ማለት ወርቅ ሳይሆን መዳቡ በዛ ያለ ናስ ነው፤ ሞቅ ያለ ድምፅ ይሰጣል። እሱን ካገኘህ አትልቀቀው። ባክ ስትራዲቫሪየስ ባለ 37 ቤሉ ግሩም መሣሪያ ነው፣ ኦርኬስትራውም ጃዙም ይነፋዋል፤ ያም ሆኖ ድምፅህን በራሱ አያለሰልስልህም። ስለ ቀለሙ ምንም አልልም፤ ጥቁር ቀለም ለፎቶ ነው።

በርግጥ ለስላሳ ብቻ ከሆነ የምትፈልገው፣ ፍሉግል ሆርን የሚባል አለ። ርዝመቱ ከትራምፔት እኩል ነው፤ ቱቦው ግን ከጀመረበት እየሰፋ ስለሚሄድ በተፈጥሮው ክብ ድምፅ አለው። ማይልስም በ1957 "ማይልስ አሄድ" የተባለውን አልበም የሠራው በእሱ ነው። ግን ለመጀመሪያ መሣሪያ አይሆንም። ሠርግ ላይ ከኪቦርዱና ከስፒከሩ ጋር ማን ይሰማሃል?

አሁን ወደ እኛ ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝም ይኸው ነው። እኛ አገር የትንፋሽ መሣሪያ የመጣው ለማርሽ ነው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች፣ መምህራቸውም ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ የቤተ መንግሥት ማርሽ ባንድ ነበሩ። ከዚያ ክብር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊት፣ ፖሊስ። ሁሉም ሜዳ ላይ፣ ከሩቅ እንዲሰማ ተብሎ ነው የሚነፋው። እኔም ትራምፔት የያዝኩት በሚሊኒየሙ ሰሞን በከተማችን የወጣቶች ማርሽ ባንድ ነው፤ የተነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ "ጮክ በል!" ዛሬም ልጆቻችን የሚማሩት ያንኑ ነው።

ግን እዚያው ዩኒፎርም ውስጥ ቀን ማርሽ ሲነፋ የዋለ ሰው፣ ማታ ሆቴል ገብቶ ትዝታ ይነፋ ነበር። ለማታው ሌላ መሣሪያ የተሰጠው አይመስለኝም። በ1977 (እ.ኤ.አ.) የወጣውን የዋሊያስ ባንድን "ቼ በለው" አልበም ፈልጉና የዮሐንስ ተኮላን ትራምፔት ስሙ። በእኛ ቅኝት፣ በእኛ ድምፀት ነው። እዚያ ውስጥ የምትሰሙት ሰውዬውን ነው፤ የመሣሪያው ሞዴል ስንት ቁጥር እንደሆነ ለመጠየቅ ትዝ አይላችሁም። እንደ ማይልስ መንፋት የሚፈልግ ተማሪዬ በመጀመሪያ ትዝታን በአንድ እስትንፋስ፣ ሳይጮህ፣ ዘፋኝ እንደሚያንጎራጉር አድርጎ ቢነፋልኝ ደስ ይለኛል።

ልምምዱ ደግሞ ለእኛ ለተከራዮች ምቹ ነው፤ ይህን ስል ቀልድ አይደለም። ግቢ ውስጥ አምስት አባወራ ባለበት ማን በኃይል ይነፋል? ግድግዳው ላይ ጋቢ ስቀሉ፣ ቤሉን ወደ ጋቢው አዙሩ፣ ጠዋት ጠዋት ሃያ ደቂቃ ረጅም ኖታ በጣም ቀስ ብላችሁ ያዙ። ኖታው ሳይንቀጠቀጥ እስከ አሥራ ስድስት ቁጠሩ። እኔ ይህን ስጀምር አከራዬ እማማ "ዛሬ አልነፋህም እንዴ?" እስኪሉኝ ድረስ ነው ቀስ ያልኩት። ሚዩት ከፈለጋችሁ የማይልስ ዓይነቱ ሃርመን ይባላል፤ መሀሉ ላይ ያለችው ቱቦ ወጥታ፣ ማይክ ተጠግቶ ነው የሚነፋው። እሱ ካልተገኘ ሳኒተሪ ሱቅ የሚሸጠው የላስቲክ ማንፏለያ፣ እንጨቱ ይነቀልና፣ ለጃዝ ሰዎች ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ ሚዩት ነው። አዲሱን ግዙ እንጂ፣ አደራ!

አንድ የሚያናድደኝ ነገር ልናገርና ወደ ግዢው ልመለስ። አንድ ትምህርት ቤት ስቶር ውስጥ ትራምፔቶች ተደርድረው አይቻለሁ። ዘይት ስላላገኙ ፒስተናቸው ደርቆ ተጣብቋል፣ ማውዝፒሳቸው ጠፍቷል፣ የንብረት ቁጥራቸው ብቻ በነጭ ቀለም ደምቆ ይታያል። "ለምን ለልጆቹ አይሰጥም?" ስል "ቢበላሽስ?" ተባልኩ። ልጁ ዓመት ሙሉ የጣለውን ዕቁብ ይዞ ቴሌግራም ላይ ትራምፔት የሚፈልገው ለዚህ ነው።

ያገለገለ ስትገዙ እንዲህ አድርጉ። ፒስተኖቹን አንድ በአንድ ተጫኑ፤ ሳይንቀራፈፉ መመለስ አለባቸው። ከዚያ የአንደኛውን ፒስተን ስላይድ፣ ፒስተኑን ሳትጫኑ፣ እስከ ግማሽ ሳቡት። እስከ ሦስት ቆጥራችሁ ፒስተኑን ተጫኑ። "ቦፕ" ካለ አየር አያስወጣም፤ ዝም ካለ ፒስተኑ አልቋል፣ ተዉት። ሌሎቹም ስላይዶች በእጅ መውጣት አለባቸው። ከማውዝፒሱ ቀጥሎ ያለውን ቱቦ በደንብ እዩ፤ ሮዝ ነጠብጣብ ካለበት ዚንኩ ከናሱ ውስጥ እየወጣ መዳቡ ብቻ እየቀረ ነው፣ ቱቦው ከውስጥ ተበልቷል ማለት ነው። ቤሉ ላይ ያለች ትንሽ ጭረት ግን ምንም አይደለችም፤ እንዲያውም ዋጋ ማስቀነሻ ናት። አዲስና ስም የሌለው ስትገዙ ትልቁ ችግር ፒስተኑ ነው፤ በወራት ውስጥ ሊጣበቅ ይችላል፣ መለዋወጫም የለውም።

አክስት ያላችሁ ደግሞ ባኩን ተዉላትና 3ሲ ማውዝፒስ አንድ፣ የቫልቭ ዘይት ሁለት ጠርሙስ በሻንጣ እንድትልክ ጠይቋት። እዚህ ዘይት ስናጣ የስፌት መኪና ዘይት የምናደርግ አለን፤ ወፍራም ስለሆነ ፒስተኑን ያዘገየዋል።

ሰበታ፣ ዓለም ገና፣ ቡራዩ ወይም አዲስ አበባ ጎልድ ብራስ ቤል ያለው 4335 የሚሸጥ ካወቃችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ፎቶ ብቻ አትላኩ፤ ፒስተኑን ስትጫኑት የሚያሳይ ቪዲዮ ይሁን።