መጋዙን ከመውቀሳችን በፊት

በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ብዙዎቹ ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ አገር ፍቅርና ስለ መልካም ጠባይ እንደሚጽፉ ዐውቃለሁ። እኔ ግን የምጽፈው ስለ አንድ መጋዝ ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ ቢታይም በእርሱ ምክንያት ወላጆቻችን ካዋጡት ገንዘብ ከፊሉ ባክኗል፤ አንድ ታናሽ ተማሪም ያለ ጥፋቱ ተወቅሷል። ጥፋተኛው እኔ ስለ ሆንሁ፣ ዝም ብዬ ከማልፈው ይልቅ ለሌሎች ትምህርት ይሆን ዘንድ ልጽፈው ወደድሁ።

የእጅ ሥራ ክፍላችንን ያላያችሁ ትኖራላችሁና አስቀድሜ መጋዙን በአጭሩ ልግለጽ። በውጭ አገር የሚኖሩ የቀድሞ ተማሪዎች የላኩልን፣ በባትሪ የሚሠራ ክብ መጋዝ ነው። በአጭር የአሉሚኒየም ሐዲድ ላይ ተገጥሞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ከሐዲዱ ሥር ሁለት ትንንሽ መደገፊያዎች አሉ። እነዚህን ከጣውላው ጠርዝ ጋር አስጠግተው መጋዙን ሲገፉት ጣውላውን በወርዱ በኩል በ90 ዲግሪ ይቈርጠዋል። በእጅ መጋዝ አንድ ጣውላ በሚቈረጥበት ጊዜ በዚህኛው ብዙ ይቈረጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ባየነው ጊዜ «ከእንግዲህ ስኳድራ ምን ያደርግልናል?» አልን። ስሕተታችን የጀመረው ከዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ለቤተ መጻሕፍታችን ሦስት የመጻሕፍት መደርደሪያዎች እንድንሠራ ታዘዝን። ወላጆች ባዋጡት ገንዘብ ወርዱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ የተላገ ጣውላ ተገዛ። እኔም ከሁሉ የተሻልሁ ነኝ ብዬ አምን ስለ ነበር መጋዙን ያዝሁና ለየመደርደሪያው 6፣ በድምሩ 18 ጣውላ በአንድ ከሰዓት በኋላ ቈርጬ ጨረስሁ። ጓደኞቼም አደነቁኝ። የመጀመሪያዎቹን 6 ጣውላዎች ኮላ ቀብተን ምስማር ስንመታባቸው ግን በአንድ በኩል ሲገጥሙ በሌላው በኩል ክፍተት ሆነ፤ መደርደሪያውም ወደ ጎን ዘመመ።

እኔም ምንም ሳልመረምር «መጋዙ ተበላሽቷል» አልሁ። በዋዜማው መጋዙን ያጸዳው አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ስለ ነበር «እርሱ ጥሎት ይሆናል» ተባለ። ልጁ አልጣልሁም ብሎ ቢምልም የሚያምነው አልተገኘም። መጋዙም ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቶ ተቈለፈበት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የእጅ ሥራ መምህራችን አስጠሩኝ። መጋዙን አውጥተው፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ አንድ ትርፍ ጣውላ ሰጡኝና «እስቲ ይህን ቍረጠው» አሉኝ። ቈረጥሁት። እርሳቸውም ከሁለቱ ቁራጮች አንደኛውን ገለበጡና ሁለቱንም በአንድ ቀጥ ያለ ብረት ላይ አስደግፈው፣ የተቈረጡትን ጫፎች ፊት ለፊት አገናኟቸው። ጫፎቹ በአንድ በኩል ተነካክተው በሌላው በኩል 2 ሚሊ ሜትር ያህል ተራራቁ። «ሲገለበጥ ስሕተቱ እጥፍ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ መጋዙ በዚህ ወርድ ላይ በ1 ሚሊ ሜትር ይስታል ማለት ነው» አሉኝ። ቀጥለውም ሐዲዱን ገልብጠው መደገፊያዎቹን አሳዩኝ። በአንደኛው ላይ ኮላና ሰጋቱራ ተጣብቀው ደርቀው ነበር። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። በጥፍራቸው ፍቀው ጣሉትና «እንደገና ቍረጥ» አሉኝ። አሁን የቈረጥሁት ተገልብጦ ሲገጣጠም በመካከሉ ብርሃን እንኳ አላሳለፈም።

ያን ጊዜ ሁሉ ነገር ትዝ አለኝ። ጣውላዎቹን በቈረጥሁበት ዕለት፣ ሥራ ከመጀመሬ በፊት ሐዲዱን ኮላ በፈሰሰበት ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥሁት እኔው ራሴ ነበርሁ።

ግማሽ ሚሊ ሜትር ቆሻሻ 18 ጣውላ እንዴት ያበላሻል የሚል ሰው ቢኖር፣ መልሱ በጂኦሜትሪ ትምህርታችን ውስጥ ይገኛል። የመጋዛችን ሁለት መደገፊያዎች በ15 ሳንቲ ሜትር ይራራቃሉ፤ የጣውላው ወርድ ደግሞ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ማለት የዚህ እጥፍ ነው። ስለዚህ በመደገፊያው ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር የነበረው ስሕተት በጣውላው ማዶ 1 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አንዱን ጫፍ ከቈረጡ በኋላ ጣውላውን ገልብጠው ሌላውን ጫፍ ቢቈርጡት ደግሞ፣ አንዱ ጠርዝ ከሌላው በ2 ሚሊ ሜትር ያጥራል። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

ከዚህ የተነሣ ያለኝ አስተያየት እንዲህ ነው። በሐዲድ የሚሄድ መጋዝ የሰጡትን መሥመር ሳያዛንፍ ይከተላል፤ መሥመሩ ትክክል መሆኑን ግን አይመረምርም። ምርመራው የሠራተኛው ፈንታ ነው። ስለዚህ መደገፊያዎቹን መጥረግ፣ የሚደገፉበት የጣውላው ጠርዝም ቀጥ ያለ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል፤ ጠርዙ ጠማማ ከሆነ መጋዙም ጠማማነቱን ይከተላልና። ባትሪውን አውጥቶ ምላጩ ከመጋዙ መቀመጫ ጋር 90 ዲግሪ መሆኑን በስኳድራ ማረጋገጥም ይገባል። የምላጩም ውፍረት መዘንጋት የለበትም። የእኛ መጋዝ 2 ሚሊ ሜትር ያህል እንጨት ሰጋቱራ አድርጎ ያስቀራል፤ ስለዚህ ምላጩ የሚሄደው በመሥመሩ ላይ ሳይሆን ከመሥመሩ ወዲያ፣ በትርፉ በኩል ነው። በአንድ ጣውላ ላይ 10 ቁራጭ ያለ ክፍተት አከታትሎ መሥመር ያሰመረ ሰው የመጨረሻው ቁራጭ ቢያጥርበት ሊደነቅ አይገባውም። እኩል ርዝመት ያላቸው ብዙ ቁራጮች ሲፈለጉም እያንዳንዱን በሜትር ከመለካት ይልቅ አንድ ማቆሚያ እንጨት አጥብቆ አስሮ ሁሉንም በእርሱ ልክ መቍረጥ ይሻላል። ከሁሉም በላይ ጣውላው በሁለቱም በኩል ተደግፎ መታሰር፣ ዐይን በመነጽር መጠበቅ፣ ምላጩም ፈጽሞ ሳይቆም እጅ ወደ እርሱ አለመቅረብ አለበት።

«ይህን ሁሉ ስንመረምር ጊዜ ያልፋል፤ ጣውላም ያልቃል» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። እኔም ቀድሞ እንደዚሁ እል ነበር። ነገር ግን መምህራችን ያደረጉት ሙከራ 5 ደቂቃ እንኳ አልፈጀም፤ የጠየቀውም አንድ ትርፍ እንጨት ብቻ ነው። እኔ ያን 5 ደቂቃ በመንፈጌ 12ቱ ጣውላዎች አጥረው እንደገና ተቈረጡ፤ ኮላና ምስማር የገባባቸው 6ቱ ደግሞ ሲፈቱ ተሰነጠቁ። ዛሬ በቤተ መጻሕፍታችን የቆሙት መደርደሪያዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ የሦስተኛው ቦታ ባዶ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው እውነት ነው።

ስለዚህ ለመምህራንና ለተማሪዎች አንድ አሳብ አቀርባለሁ። ከእንግዲህ ወዲህ ማንም ተማሪ፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ለሥራ የተገዛ ጣውላ ከመቍረጡ በፊት አንድ ትርፍ እንጨት ቈርጦና ገልብጦ ለመምህሩ ያሳይ። ቀኑንም ጽፎበት በግድግዳው ላይ ይስቀለው። እንዲህ ቢሆን መጋዙ ሲስት መቼ እንደ ጀመረ ይታወቃል፤ በማንም ላይ በግምት አይፈረድም።

መምህራችን የእኔን ጥፋት ለማንም አልተናገሩም። «ለልጁ ማን ይንገረው?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። እኔም በዚያው ቀን ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ እርሱም ይቅር አለኝ። ይሁን እንጂ እርሱ የተወቀሰው በሰው ፊት ነበርና፣ እኔም በተማሪዎች፣ በመምህራንና በወላጆች ፊት፦ መጋዙን አልጣለውም፤ አጽድቶ በሚገባ አስቀምጦት ነበር እላለሁ። የተሰነጠቁትን 6 ጣውላዎች ለመተካት በክረምቱ ሠርቼ የማገኘውን ገንዘብ ለመስጠት ቃል ገብቻለሁ። ሦስተኛው መደርደሪያ ሲሠራ ሙከራውን የሚያደርገውና መጋዙን የሚይዘው ግን ያ የ9ኛ ክፍል ልጅ እንዲሆን እለምናለሁ። እኔ ጣውላውን እይዝለታለሁ።