ተራራው ሥር ተቀምጦ ኢኮሎጂን መሸምደድ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ኢኮሎጂ ለምን በደንብ አይሰጥም ሲባል ቶሎ የሚመጣው መልስ «ላብራቶሪ የለም» የሚል ነው። ለኬሚስትሪ ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። ለኢኮሎጂ ግን፣ በተለይ ላስታ ውስጥ፣ ሰበብ ነው ባይ ነኝ።

እንደሚታወቀው ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከበላይዋ ያለው አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። ሽቅብ በተወጣ ቁጥር የወይራና የጽድን ቦታ አስታ፣ የአስታን ቦታ ደግሞ ጓሳና ጅብራ ይይዙታል። እዚያ ሣሩን ጭላዳና አይጥ ይበሉታል፤ አይጡን ደግሞ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ይበላዋል። ታዲያ ለምግብ ሰንሰለት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየት ይመጣል? ተማሪያችን ግን ምሳሌ ስጥ ሲባል ሣር፣ የሜዳ አህያ፣ አንበሳ ብሎ ይጽፋል።

በኔ አስተያየት ዋናዎቹ ምክንያቶች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ የምዕራፉ ቦታ ነው። በቀድሞውም ሆነ በአዲሱ የ9ኛ ክፍል ባዮሎጂ መጽሐፍ ይህ ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ነው። ዓመቱ ሲያጥር የሚቀረው ደግሞ መጨረሻው ነው። ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በጦርነትና በግጭት ዓመቱ ስንቴ እንደተቆራረጠ የላስታ ሰው ያውቀዋል። ሁለተኛ፣ ቋንቋው ነው። ልጁ ጅብራን ያውቃል፤ በእንግሊዝኛ የሸመደደው «ፕሮዲዩሰር» እሱው መሆኑን ግን አያውቅም። ሦስተኛ፣ ፈተናው ነው። ብሔራዊ ፈተናው ምርጫ ስለሆነ ወጥቶ ላየና ለቆጠረ ተማሪ የተለየ ነጥብ የለውም። መምህሩም ይህን ስለሚያውቅ ትርጉም ያስጽፋል።

«ተማሪው ብዙ ነው፣ ተራራው ሩቅ ነው፣ ለመኪና ገንዘብ የለም» የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ተራራው ድረስ መሄድ የግድ አይደለም። አራት ችካልና አንድ ካሬ ሜትር የሚከብ ሲባጎ ይበቃል። ከባሕር ዛፍ ሥርና ከወይራ ሥር የበቀሉትን የዕፅዋት ዓይነቶች መቁጠር በአንድ ክፍለ ጊዜ ያልቃል። ልዩነቱ ለምን መጣ ብሎ መከራከር፣ ኢኮሎጂ ማለት እሱ ነው።

ጉዳዩ የማርክ ብቻ አይደለም። መሬት የጠበበው ገበሬ የገብስ ማሳውን ወደ ተራራው በገፋ ቁጥር የቀበሮው መኖሪያ ይጠባል። ነገ ያንን መሬት የሚያርሰውም የሚጠብቀውም ዛሬ 9ኛ ክፍል የተቀመጠው ልጅ ነው።

በመሆኑም ምዕራፉ ወደ መስከረምና ጥቅምት ቢመጣ ጥሩ ነው፤ ያኔ ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ሁሉ አረንጓዴ ነው፣ ዓመቱም ገና አልተቆረጠም። ፈተና አውጪዎችም ከመስክ ሥራ የሚነሣ ጥያቄ ያካትቱ። እኛ የዚህ ዲፓርትመንት ተማሪዎች ደግሞ ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ ቢያንስ አንዱን ክፍለ ጊዜ ከክፍል ውጭ እናድርገው። ለዚህ የማንም ፈቃድና በጀት አይጠበቅም፤ ሲባጎ ብቻ ይዞ መሄድ ነው።