በፍርድ ቤት ተሸንፎ በመማሪያ ክፍል ያሸነፈ ሕግ፦ የፍጥረት ትረካ ክርክር በአሜሪካ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች

ትምህርት ከኅብረተሰቡ ኑሮ ተነጥሎ የሚታይ ጉዳይ አይደለም። ለልጁ የሚሰጠውን መጽሐፍ የሚመርጠው ማን ነው? በመጽሐፉ ውስጥ የተጻፈውን፣ ከዚያም በላይ ሳይጻፍ የቀረውን የወሰነው ማን ነው? እነዚህ በማናቸውም አገር የሥልጣን ጥያቄዎች ናቸው። በዩናይትድ ስቴትስ የሃይማኖት የፍጥረት ትረካ በሕዝብ ትምህርት ቤቶች በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ይሰጥ ወይስ አይሰጥ በሚል ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል የተካሄደው ክርክር ዘወትር የሚቀርበው በእምነትና በሳይንስ መካከል እንደሚደረግ ጦርነት ሆኖ ነው። ይህ አቀራረብ የነገሩን ግማሽ ይሰውራል። አማኙም ሆነ የማያምነው ወዛደር ልጁን የሚልከው ወደዚያው ትምህርት ቤት ነውና ጉዳዩን ከእርሱ አንጻር መመርመር ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1925 የቴነሲ ክፍለ ግዛት ምክር ቤት፣ በሕዝብ ገንዘብ በሚተዳደሩ ትምህርት ቤቶች የመጽሐፍ ቅዱስን የፍጥረት ትረካ የሚክድና ሰው ከዝቅተኛ እንስሳት ዘር ወጣ የሚል ትምህርት እንዳይሰጥ የሚከለክል ሕግ አወጣ። የአሜሪካ የሲቪል ነፃነቶች ኅብረት ሕጉን ለሚፈትን መምህር ጥብቅና እንደሚቆም በጋዜጣ አስታወቀ። ዴይተን በምትባል ትንሽ ከተማ ጥቂት ነጋዴዎችና ባለጉዳዮች ይህን አንብበው በአንድ መድኃኒት ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበው መከሩ። ያሰባሰባቸው የዳርዊን ፍቅር አልነበረም፤ ችሎቱ ከተማይቱን ቢያስጠራት ገበያው ይደራል የሚል ስሌት እንጂ። ጆን ስኮፕስ የተባለውን የ24 ዓመት መምህር አስጠርተው ተከሳሽ እንዲሆን ጠየቁት፤ እርሱም እሺ አለ። በሐምሌ ወር ችሎቱ ሲሰየም ጋዜጠኞች ጎረፉ፤ ክርክሩ በሬዲዮ ተሠራጨ፤ ስኮፕስም 100 ዶላር ተቀጣ።

ከከሳሽ ወገን የቆመው ዊልያም ጄኒንግስ ብራያን ግን በዚህ የነጋዴ ስሌት የሚመደብ ሰው አይደለም፤ ለተራማጅ አንባቢም አስቸጋሪ ሰው ነው። ሦስት ጊዜ ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ የተሸነፈ፣ ባንኮችንና የባቡር ሐዲድ ኩባንያዎችን እየተቃወመ በዕዳ ለተያዘው ገበሬ ሲሟገት የኖረ፣ አገሩ ወደ ጦርነት እየተሳበች ነው ብሎ በ1915 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነቱን የለቀቀ ፖለቲከኛ ነበር። የዝግመተ ለውጥን ትምህርት የተቃወመው በእምነቱ የተነሣ ብቻ አይደለም። ጠንካራው ደካማውን ውጦ መኖሩ የተፈጥሮ ሕግ ነው የሚለው አባባል በከበርቴውና በጦር አዛዡ አፍ ምን ሊሆን እንደሚችል ይሠጋ ነበር። ሥጋቱም መሠረት አልባ አልነበረም። ስኮፕስ የተከሰሰበት የጆርጅ ዊልያም ሃንተር የባዮሎጂ መጽሐፍ የሰውን ልጅ በአምስት ዘር ከፍሎ ነጩን ከሁሉ በላይ ያስቀምጥ ነበር፤ ወንጀልና የአእምሮ ድካም ይወራረሱባቸዋል የሚላቸውን ቤተሰቦች ጥገኛ ተውሳክ እያለ እንዳይዋለዱ ተለይተው እንዲቀመጡ ይመክር ነበር።

ይህን መጽሐፍ ለትምህርት ቤቶቹ የፈቀደው ራሱ የቴነሲ መንግሥት ነበር። ጥቁር ሕፃናት በሕግ ተለይተው በሚማሩበት በዚያ ክፍለ ግዛት አዲሱ ሕግ የከለከለው ግን እነዚያን ገጾች አይደለም። ሰው ከሌሎች እንስሳት ጋር ያለውን ዝምድና የሚያስረዳው ትምህርት ወንጀል ሲሆን፣ ዘርን ከዘር የሚያበላልጠው ክፍል ሳይነካ ቀረ። ሐሰተኛውን ሳይንስ የሚያጋልጠው የበለጠ ሳይንስ ነው፤ ክልከላ አይደለም። ብራያን በሽታውን አየ፣ መድኃኒቱን ሳተ። ችሎቱ ካበቃ ከአምስት ቀን በኋላ እዚያው ዴይተን ሞተ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ከችሎቱ ይልቅ ሊጤን የሚገባው ነው። በ1927 የክፍለ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቅጣቱን ሻረው፤ የሻረበት ምክንያት ግን ገንዘቡን መወሰን የሚገባው ዳኛው ሳይሆን የፍርድ ሸንጎው አባላት ነበሩ የሚል የሥነ ሥርዓት ጉድለት ነበር። ሕጉ እስከ 1967 ድረስ በመጽሐፍ ላይ ሰፍሮ ኖረ። በዚህ ሁሉ ዘመን መምህራንን እየያዘ የሚያስር ፖሊስ አላስፈለገም። መጽሐፍ አሳታሚው ለመላው አገር የሚያትመው አንድ መጽሐፍ ነው፤ የደቡቡን ገበያ ማጣት አይፈልግም። ስለዚህ ቃሉን አውጥቶ ምዕራፉን አሳጠረ፤ ቴነሲ የከለከለችውን የሰሜኑ ክፍለ ግዛት ልጅም ሳይማረው ቀረ።

ይህን ዝምታ ያናጋው የአስተማሪዎች አቤቱታ ሳይሆን በጥቅምት 1957 ወደ ጠፈር የመጠቀችው የሶቪየት ሳተላይት ስፑትኒክ ናት። ተቀደምን ብሎ የደነገጠው የዋሽንግተን መንግሥት በ1958 በአገር መከላከያ ስም የትምህርት ሕግ አውጥቶ ለሳይንስ ትምህርት ገንዘብ አፈሰሰ፤ በ1960ዎቹም ዝግመተ ለውጥን ማዕከል ያደረጉ አዳዲስ የባዮሎጂ መጻሕፍት ተዘጋጁ። በአርካንሳስ የሊትል ሮክ መምህርት ሱዛን ኤፐርሰን ትምህርት ቤቷ አስተምሪበት ብሎ የሰጣትን አዲስ መጽሐፍ ብትጠቀም ሕግ ተላላፊ፣ ባትጠቀም ግዴታዋን ያልተወጣች ሆነች። ከሰሰች፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1968 ክልከላውን ሻረው።

ከዚያ ወዲህ የክርክሩ ታሪክ የስም መለዋወጥ ታሪክ ነው። መከልከል ሲያቅት እኩል ጊዜ ይሰጥ ተባለ፤ በ1981 አርካንሳስና ሉዊዚያና የፍጥረት ሳይንስ የተባለው ከዝግመተ ለውጥ ጎን ለጎን እንዲሰጥ ሕግ አወጡ። የአርካንሳሱን ሕግ ተቃውመው ፍርድ ቤት ከቀረቡት መካከል የሜቶዲስት፣ የኤጲስቆጶሳዊትና የካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት ጳጳሳት እንደነበሩ ጉዳዩን የሃይማኖት ጠላትነት አድርገው ለሚያቀርቡት ሊነገራቸው ይገባል። ያ ሕግ በ1982 ወደቀ፤ የሉዊዚያናውም በ1987 በጠቅላይ ፍርድ ቤት በ7 ድምፅ በ2 ተሻረ።

ቀጥሎ የመጣው ስም ብልህ ንድፍ ነው። በ2004 የፔንሲልቬንያዋ ዶቨር የትምህርት ቦርድ ይህን ሐሳብ የሚያስተዋውቅ መግለጫ በዘጠነኛ ክፍል እንዲነበብ ወሰነ። የቦርዱ አባላት ሚኒስትሮች አይደሉም፤ የሠፈር ሰዎች የሚመርጧቸው የሠፈር ሰዎች ናቸው። የባዮሎጂ መምህራኑ አናነብም አሉ፤ አስተዳዳሪዎቹ ራሳቸው ገብተው አነበቡ። 11 ወላጆች ከሰሱ። በችሎቱ የማጣቀሻው መጽሐፍ ረቂቆች ሲመረመሩ ከ1987ቱ ፍርድ በኋላ በፍጥረት አማኞች የሚለው ስም ፈንታ የንድፍ ደጋፊዎች የሚል እንደተተካ ታየ፤ በአንዱ ረቂቅ ላይማ አሮጌው ቃል ሳይጠፋ አዲሱ መካከሉ ገብቶ ተገኘ። በኅዳር 2005 ለምርጫ የቀረቡትን ስምንት የቦርድ መቀመጫዎች መራጮቹ ለሌሎች ሰጡ፤ በታኅሣሥ ወር በፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብሊው ቡሽ የተሾመው ዳኛ ጆን ጆንስ ብልህ ንድፍ ሳይንስ አይደለም ሲል ፈረደ። 1 ሚሊዮን ዶላር ያህል የጥብቅና ወጪ በወረዳው ትምህርት ቤቶች ላይ ወደቀ፤ ይህም የሕፃናቱ ገንዘብ ነበር።

እንግዲህ በፍርድ ቤት ሳይንስ ደጋግሞ አሸንፏል። በመማሪያ ክፍልስ? በ2007 ለ926 የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህራን የቀረበ መጠይቅ 28 በመቶው ብቻ ዝግመተ ለውጥን በሙሉ ልብ እንደሚያስተምሩ፣ 13 በመቶው ለፍጥረት ትረካ እንደሚሟገቱ፣ 60 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ ከሁለቱም ሸሽተው እንደሚያልፉ አሳየ። እነዚህ 60 በመቶዎቹ አድኃሪ አይደሉም፤ ከወላጅ ጋር ጠብ የማይሹ፣ እንጀራቸውን የሚፈሩ ሠራተኞች ናቸው። ከዚያ ወዲህ የተደረገ ጥናት መሻሻል ቢያሳይም፣ ሕጉ ሲሻር ፍርሃቱ አብሮ አለመሻሩ ግልጽ ነው።

የዚህ ዕዳ ከፋይ ማን ነው? በ1974 በአፋር ሐዳር የተገኘችው 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚገመት ዕድሜ ያላት ድንቅነሽ በ2007 ወደ ቴክሳስ ተጉዛ በሂዩስተን ሙዚየም ለሕዝብ ታይታለች። ጥቂት ቆይቶ፣ በ2009፣ የዚያው ክፍለ ግዛት የትምህርት ቦርድ የዝግመተ ለውጥ ድክመቶች ይሰጡ አይሰጡ በሚል ሲጨቃጨቅ ከረመ። ትኬት የሚገዛለት ወላጅ ያለው ልጅ አጥንቷን በዓይኑ አይቶ ተመልሷል። የወዛደሩ ልጅ ግን ያለችው መምህሯ የምታነብለት ገጽ ብቻ ናት፤ እርሷን ከዘለለችበት ሌላ የለውም።

አሁን ትግሉ መልኩን እየለወጠ ነው። በ2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1987ቱ ውሳኔ የቆመበትን መለኪያ ትቶታል። በዚያው ዓመት፣ ለግል ትምህርት ቤቶች ድጎማ የሚሰጥ ክፍለ ግዛት የሃይማኖት ትምህርት ቤቶችን ሊያገል አይችልም ሲል ወስኗል። ቴክሳስ በ2025 ለግል ትምህርት ክፍያ 1 ቢሊዮን ዶላር የሚመድብ ሕግ አጽድቃለች። የፍጥረት ትረካ ወደ ሕዝብ ትምህርት ቤት መግባት ቢከለከል፣ የሕዝቡ ገንዘብ ወደ ትረካው የሚሄድበት በር ተከፍቷል ማለት ነው። ዌስት ቨርጂኒያ ደግሞ በ2024 መምህራን ስለ ዓለምና ስለ ሕይወት አጀማመር ሳይንሳዊ ንድፈ ሐሳቦች ተማሪ ቢጠይቃቸው እንዲመልሱ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች። በመጀመሪያው ረቂቅ ብልህ ንድፍ የሚል ቃል ነበረበት፤ ሲጸድቅ ወጥቷል። ሳይንሳዊ የሚለው ቃል ምን ምን እንደሚያካትት ሕጉ አይተረጉምም፤ ትርጉሙን የምትሰጠው ልጁ እጁን አውጥቶ ሲጠይቃት ብቻዋን በሰሌዳው ፊት የቆመችው መምህርት ናት።