ለሬሳ ብቻ የተፈቀደ አንደበት

ይህን አንብበው የሚቆጡ አሉ። ይቆጡ።

ጎጃም ውስጥ፣ ቁይ ላይ አንዲት ልጅ ማይክ ጨብጣ የራሷን ግጥም በቢት ብታወርድ ምን እንደሚከተል ሁላችንም እናውቃለን። አባቷ ገበያ መውጣት ያፍራል። እናቷ ዕድር ላይ ትታማለች። ጎረቤቱ ሁሉ የባህል ጠበቃ ሆኖ ይነሳል፦ «ሴት ልጅ ራፕ? ይሄ የፈረንጅ ዱርዬነት ነው፤ ለጎጃም ባዕድ ነው።» አንገቱን እየነቀነቀ የሚስማማው ብዙ ነው። በሆዱ የማይስማማውም ብዙ ነው፤ ግን ዝም ይላል። እኔ ዝም ማለት ሰልችቶኛል። ባህላችሁን ወይ አታውቁትም፣ ወይ እያወቃችሁ ትክዱታላችሁ።

እስቲ ለቅሶ ቤት እንግባ። አስለቃሿ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ መሀል ትቆማለች። ወረቀት አልያዘችም። የሟቹን አባትና አያት፣ ያረሰውን ማሳ፣ ያስታረቀውን ጠበኛ፣ ሳይከፍል የሞተውን ውለታ ሳይቀር ቤት እያስመታች ታወርደዋለች። ሴቶቹ ደረት ይመታሉ፤ እሷ በዚያ ምት ላይ ቃሏን ትጥላለች። አንዷ ስንኝ ስትወርድ ጥግ ላይ ኮስተር ብሎ የተቀመጠው ሽማግሌ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ «ሴት ልጅ በአደባባይ አፏን ከፈተች» ያለ ሰው ሰምታችኋል? እኔ አልሰማሁም። የሰማሁት «እሷ ካልመጣችማ ምኑን ለቅሶ ሆነ!» ሲባል ነው።

እንግዲያው ነገሩ ግልጽ ነው። ለሞተ ወንድ ስትገጥም ባለሙያ ናት፤ በሕይወት ላለችው ለራሷ ስትገጥም ባለጌ። ሬሳው እስኪወጣ የተከፈተላት አፍ፣ ሬሳው ሲቀበር ይዘጋል። ይህ ባህል ነው ወይስ ንፍገት?

«ከውጭ የመጣ ነው» ትሉኛላችሁ። አርሴናል ሲያገባ ጠረጴዛ የሚደበድበው ማን ነው? የለበሳችሁት ጃኬት፣ የምታወሩበት ስልክ የየት አገር ነው? ከውጭ የመጣ ነገር የሚከነክናችሁ ሴት ልጅ እጅ ላይ ስታዩት ብቻ ነው። ደግሞስ ራፕ ምን ይጠይቃል? ምት መጠበቅ፣ ቤት መምታት፣ በአንድ ቃል ሁለት ትርጉም ማፈንዳት፣ ሰው ፊት ቆሞ ሳይርበተበቱ መናገር። ይህን ከዲማ፣ ከዋሸራና ከደብረ ኤልያስ የቅኔ ቤቶች አገር ሰው በላይ ማን ሊያውቀው ነው? የቅኔ ተማሪ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ አይደግመውም፤ በየቀኑ አዲስ ይቆጥራል። ለዚህ ምድር ባዕድ የሆነው የትኛው ነው?

እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ታውቋቸዋላችሁ። ጎጃም ያፈራቻቸው፣ ዓይነ ሥውር፣ የቅኔ መምህር ልጅ። ከአባታቸው ተምረው፣ ጉባኤ ዘርግተው፣ ወንዶቹን ቅኔ ያስተማሩ ሴት ናቸው። ስብሰባ በተከፈተ ቁጥር ስማቸው ይጠራል፤ ጭብጨባ ይከተላል። ከአጨብጫቢዎቹ መካከል ሴት ልጁን ቅኔ ቤት የላከ እስቲ እጁን ያውጣ። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ለልጆቹ የሚያወርስ ሰው በገላነሽ ስም ሲኮራ መስማት ያንገሸግሸኛል።

ጊጊስ? እጅጋየሁ ሽባባው የቻግኒ ልጅ ናት። አባቷ ዘፋኝነቷን ስላልፈቀዱ ከአገር ወጥታ ናይሮቢ ከዚያም አሜሪካ መግባቷ ተደጋግሞ የተነገረ ታሪክ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 በስሟ በወጣው አልበም ላይ ስለ ዓድዋ ዘፈነች። ዛሬ የካቲት 23 ያለዚያ ድምፅ አይከበርም። «የእኛ ልጅ» ይባላል። ጎረቤታችሁ ሳለች ምን ትሏት ነበር?

ባለፈው አንድ ትምህርት ቤት የዓመት መዝጊያ ላይ ነበርኩ። ሚኒ ሚዲያው ተራውን ለተማሪዎች ሰጠ። አንዲት ልጅ ወጣች። ጓደኛዋ ቢቱን ከስልክ ከፍታ ስልኩን ማይኩ ላይ አስጠጋችላት። ልጅቷ ስለ እኅቷ ተናገረች፤ ከስምንተኛ ክፍል አውጥተው ስለዳሯት እኅቷ። ግቢው ጸጥ አለ፤ ከዚያ ፉጨትና ጭብጨባ ቀለጠ። ወዲያው አንድ መምህር መጥቶ ገመዱን ነቀለ። «ሥነ ምግባር!» አለ። ከእሷ በፊት ስለ ሴት ዳሌ የዘፈነውን ልጅ ግን እየሳቀ ነበር ያስጨረሰው።

ልጅን መዳርና መዳሯን መናገር፣ ከሁለቱ ነውሩ የቱ ነው? ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ይከለክላል። ሕግ ሲጣስ ድንኳን ገብቶ ጠላውን የጠጣው ጨዋ፣ የሆነውን የተናገረችው ባለጌ?

በ2005 «የኛ» የተባለው የአምስት ሴቶች ቡድን በአዲስ አበባና በአማራ ክልል በሬዲዮ ድራማና በሙዚቃ ስለ ልጃገረዶች መናገር ጀመረ። ገንዘቡ የእንግሊዝ ነበር። የለንደን ጋዜጦች «ለዘፋኝ ግብራችን ተበላ» ብለው ጮኹ፤ በታኅሣሥ 2009 መንግሥታቸው ድጋፉን አቋረጠ። እነሱስ ባዕድ ናቸው። እኛ ምን አደረግን? የትኛው ነጋዴ፣ የትኛው ቢሮ «የልጆቻችንን ድምፅ እኛ እንይዛለን» አለ? ሴት ልጆቻችንን የሚያናግርልንም ለንደን፣ ሲያሻው የሚተወንም ለንደን!

አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ ያደገችውን የኢትዮጵያውያን ልጅ ሕይወት አዲሎውን ተመልከቱ። በስፖክን ወርድ፣ ማለትም በቃል በሚወርድ ግጥም መድረክ የታወቀችው ገና በጉርምስናዋ ነው። የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ለሂፕ ሆፕና ለስፖክን ወርድ ወጣቶች ብሎ በከፈተው ነፃ የትምህርት ዕድል ተማረች። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 የብሩነልን የአፍሪካ ግጥም ሽልማት ከሌሎች ሁለት ሴቶች ጋር ተጋራች። እዚያ በዚህ ችሎታ ዩኒቨርሲቲ ገባችበት። እዚህ ገመድ ይነቀልበታል።

ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ ጎጃም ጦርነት ውስጥ ናት። ፉከራና ቀረርቶ ሞልቷል። ትምህርት ቤቷ የተዘጋባት ልጅ፣ ወንድሟን የቀበረችው፣ ማታ ማታ ተኩስ የምትቆጥረው፣ ምን እንዳየች ማን ይንገረን? የምታውቀው እሷ ናት። እሷን አፏን አስይዘን ምስክር ከየት ልናመጣ ነው?

«እኛኮ እናበረታታለን» የምትሉም አላችሁ። አውቃችኋለሁ። ማርች 8 ሲደርስ አንዲት ልጅ ትጠራላችሁ፤ ግጥሟን አስቀድማችሁ ታያላችሁ፤ የሚያቃጥለውን ስንኝ ታስወጣላችሁ፤ የኃላፊውን ስም ታስገባላችሁ። ስትጨርስ «ለሞራል አጨብጭቡላት»። አዝማሪው ግንባሩ ላይ ብር ይለጠፍለታል። ዲጄው ቀብድ ካልተቀበለ ስፒከሩን አይጭንም። እሷ ግን በሞራል ስቱዲዮ ትከራያለች? በሞራል ቢት ትገዛለች? በሞራል ደብረ ማርቆስ ድረስ ትሳፈራለች? ከዚያ ሃያ ዓመት ሳይሞላት ትተወዋለች፤ እናንተም «ሴቶች አይዘልቁበትም» ትላላችሁ።

በሚቀጥለው ማርች 8 ጥሯት። ግጥሟን አታርሙባት። ገመዱን አትንኩ። ስትወርድ ለአዝማሪው የምትከፍሉትን ያህል ክፈሏት፤ ዕለቱን፣ በእጇ።