ፍሪሲዮንም እንደ ምጣድ ይሟሻል

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

ስለ ከባድ የጭነት መኪና ፍሪሲዮን መጻፍ ለሾፌርና ለመካኒክ እንጂ በጽሕፈት ጠረጴዛ ለሚውል ሰው ምን ይፈይዳል የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔ ግን ጉዳዩ ከሁሉ ይልቅ የስምሪት ወረቀት የሚፈርመውን፥ የግዥ ሰነድ የሚያዘጋጀውንና ንብረት ሲበላሽ ተጠያቂውን የሚለየውን ሠራተኛ የሚመለከት መሆኑን ስለማምን፥ በዓምድዎ ላይ ጥቂት ቦታ እንዲሰጡኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በአገራችን ባልትና የምታውቅ ሴት አዲስ የሸክላ ምጣድ ገዝታ በዚያው ዕለት የድግስ እንጀራ አትጋግርበትም። በለዘብተኛ እሳት አሙቃ፥ በጎመን ዘር እያሸች፥ ቀስ በቀስ ታሟሸዋለች። ያልተሟሸ ምጣድ እንጀራውን ይዞ ያስቀራልና። ገበሬውም ቢሆን ወይፈኑን ሳያቀና የክረምት እርሻውን በሙሉ አይጥልበትም። ይህን ጥበብ ከእናት ከአባቶቻችን የወረስን ሰዎች ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበትን ዕቃ በተረከብን ማግሥት የምንዘነጋው ስለምንድን ነው?

ፍሪሲዮን የሞተሩን ኀይል ወደ ማርሽ የሚያስተላልፍ፥ ሾፌሩ ፔዳሉን በረገጠ ጊዜ ደግሞ የሚያቋርጥ ክፍል መሆኑ የታወቀ ነው። በሁለት ገጹ ሸራ የተለበጠው ሰሃን ከሞተሩ ጋር በሚዞረው ከባድ የብረት መንኰራኵርና በሞላ ኀይል በሚጫነው ሌላ ብረት መካከል ተይዞ ይዞራል። አዲስ ሸራና በቶርኖ የተከረከመ ብረት ለዐይን ልሙጥ ቢመስሉም ጥቃቅን ጉብታ ስላላቸው፥ በመጀመሪያ የሚነካኩት በጉብታዎቻቸው ጫፍ ብቻ ነው። ስለዚህ አዲስ ፍሪሲዮን ሙሉ ጉልበቱን ይዞ አይመጣም። ጉልበቱን የሚያገኘው በብዙ ቀላል አነሣሥ ጉብታው ተፍቆ ሁለቱ ገጾች በሚገባ ሲገጣጠሙ ነው። ከዚያ በፊት ከባድ ጭነት ቢጫንበት ይንሸራተታል፤ መንሸራተቱ ሙቀት ይወልዳል፤ ሙቀቱም የሸራውን ገጽ እንደ መስተዋት ያለሰልሰዋል። የለሰለሰ ሸራ ደግሞ ከፊተኛው ይብስ ይንሸራተታል። በዳገት ላይ ከጭነት መኪና ኋላ የተጓዘ ሰው ሁሉ የዚያን የሚቃጠል ሸራ ሽታ ሳያውቀው አይቀርም።

ይህን ነገር ወደ ጅማ መንገድ አምጥተን እንመልከተው። ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከወልቂጤ ወደ ጊቤ ወንዝ ሲወረድ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ከሚጠጋ ከፍታ እስከ 1,100 ሜትር ገደማ ይደረሳል። ድልድዩን ከተሻገሩ በኋላ በሳጃ በኩል ወደ ሰኮሩ ለመድረስ የወረዱትን ያህል መልሶ መውጣት ግድ ነው። ከጅማ የሚመጣ ቡና ጫኝም በፊናው ይህንኑ ቁልቁለት ወርዶ የወልቂጤን ዳገት ይወጣል። ከጅማ ወዲያ ደግሞ አጋሮ፥ ጌራ፥ ሊሙ ገነትና ቦንጋ አሉ። ከእነዚህ ቦታዎች ዙሪያ ቡና የሚያወጣ መኪና አስፋልት ከመድረሱ በፊት በጭቃና በኮረኮንች ዳገት መነሣትና መቆም የዕለት ተግባሩ ነው።

ማርሽ ገብቶ ፔዳሉ ፈጽሞ ከተለቀቀ ወዲያ የተሟሸ ፍሪሲዮን ስለማይንሸራተት ዳገት መውጣት ብቻውን አይጎዳውም። የሚጎዳው በዳገት ላይ ቆሞ እንደገና መነሣት፥ በፍሬን ፈንታ መኪናውን በፍሪሲዮን አንጠልጥሎ መያዝና እግርን ከፔዳሉ ላይ ሳያነሡ መንዳት ነው። ኤንትሬ እየተባለ የሚጠራውን የፊያት 682 መኪና በጅማ መንገድ ያሽከረከሩ አንጋፋ ሾፌሮች ይህን ለረዳቶቻቸው ከሁሉ አስቀድመው ያስተምሩ ነበር።

ነገሩ በሒሳብም ይረጋገጣል። የቆመ መኪና ሲነሣ በፍሪሲዮኑ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት፥ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ በያዘበት ቅጽበት መኪናው ካለው የእንቅስቃሴ ኀይል ጋር ይቀራረባል። ይህ ኀይል የሚያድገው በፍጥነት ካሬ ነው። አንድ መኪና በአንደኛ ማርሽ ተነሥቶ ፍሪሲዮኑ ሲይዝ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር፥ ከፍ ባለ ማርሽ ሲነሣ ግን 8 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፥ ሙቀቱ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። መንገዱ ዳገት ሲሆን ከዚህም ይብሳል። እንግዲህ አንዲት ማርሽ ለመዝለል የሚደረግ ችኰላ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል አንባቢ ይመዝነው።

እዚህ ላይ ስሙን መጥራት የማያስፈልገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የተመለከትኩትን ልግለጽ። የቡና ወራት ነበር። አንድ የጭነት መኪና አዲስ ፍሪሲዮን ተገጥሞለት ማታ ከጋራዥ ወጣ። በማግሥቱ ጠዋት ሙሉ ጭነት ከነተሳቢው ተጭኖበት ወደ አዲስ አበባ ጕዞ ታዘዘ። ሾፌሩ ጭነቱ እንዲቀነስለት ቢጠይቅ የሚሰማው አላገኘም። ከጊቤ ወዲህ ባለው ዳገት ላይ ከፊቱ መኪና ተበላሽቶ ስለ ነበር ደጋግሞ ሲቆምና ሲነሣ ፍሪሲዮኑ ተቃጠለ። ከዚያ በኋላ አጣሪ ኮሚቴ ተሰየመ፤ ቃለ ጉባኤ ተጻፈ፤ ሾፌሩም በቸልተኝነት ያበላሸውን ይክፈል ተባለ። ከአጣሪዎቹ መካከል የጋራዡን ደረሰኝና የስምሪቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ ቀናቱን ያነጻጸረ አንድም ሰው አልነበረም።

ሾፌሮች ሁሉ ጥፋት የለባቸውም ማለቴ አይደለም። የሚያበላሹም አሉ። ነገር ግን ትእዛዝ የሰጠ እጅ ሳይመረመር የተቀበለው እግር ብቻ ቢቀጣ ፍርድ ተጓደለ ይባላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የሚመለከታቸው ድርጅቶችም ቢሆኑ ከደመወዝ ላይ እንደ ፈቀዱ መቍረጥ አይችሉም። ለቅናሹ ሕግ፥ የኅብረት ስምምነት፥ የሥራ ደንብ፥ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ሊኖር ይገባል። ይህም ቢኖር በአንድ ጊዜ የሚቈረጠው ከወር ደመወዙ ከሲሶው መብለጥ የለበትም።

ቡና አይጠብቅም፤ መኪናው ለሳምንት ያህል ጭነት ቀንሶ ቢሄድ ሥራ ይበደላል የሚሉ ይኖራሉ። ክርክራቸው ከንቱ አይደለም። እሸት ቡና ከተለቀመ በዚያው ቀን ካልተፈለፈለ ጥራቱ ይጓደላል፤ ለእጥበት ጣቢያ የምትዘገይ መኪና የገበሬውን ድካም ታጠፋለች። ይሁን እንጂ የቡና ለቀማ በጅማ አካባቢ የሚጀምረው በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ወራቱ የታወቀ ከሆነ የአሮጌውን ፍሪሲዮን ሁኔታ በሐምሌ መርምሮ በነሐሴ መለወጥ፥ በጳጕሜና በመስከረም ማሟሸት ምን ያግዳል? ብዙ ጊዜ የሚያግደው የግዥው ወረቀት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ክረምቱ አልፎ ጥቅምት መድረሱ ነው። ይህ ደግሞ የሾፌሩ ጥፋት አይደለም።

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ለማሟሻ ብዙ ጊዜ የሚመከረው ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ነው። ዳሩ ግን ፍሪሲዮን የሚሟሸው በሚነሣበትና ማርሽ በሚለወጥበት ጊዜ እንጂ በሜዳ ላይ ሳይቋረጥ ሲሮጥ ስላልሆነ፥ ኪሎ ሜትር መቍጠር ብቻውን አይበቃም። በአንድ ቀን አዲስ አበባ ደርሶ ከተመለሰ መኪና ይልቅ፥ በጅማ ከተማ ውስጥ ከመጋዘን ወደ መደብር ቀላል ዕቃ ሲያመላልስ የሰነበተው ፍሪሲዮኑ የተሻለ ይሟሻል።

ስለዚህ የሚከተለውን አሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ጋራዡ መኪናውን ሲያስረክብ የተገጠመበትን ቀን፥ የኪሎ ሜትሩን ንባብ፥ የሸራውን ዓይነት፥ የብረቱ ገጽ መከርከሙን፥ ኩሽኔታው መለወጡንና ዘይት የሚያፈስ ቦታ አለመኖሩን በአንድ ወረቀት ጽፎ ለስምሪት ክፍል ይስጥ። ዘይት የነካው ሸራ በምንም ዓይነት ጥንቃቄ አይሟሽምና።

ሁለተኛ፤ የስምሪት ክፍል የማሟሻው ጊዜ እስኪያልቅ ድረስ ተሳቢ አያስቀጥል፤ 300 ኩንታል ለሚጭን መኪና 100 ኩንታል ያህል ይዘዝለት፤ በተቻለ መጠን ሜዳማ በሆነ የቅርብ መንገድ ይሰማራ። ሸራው የሴራሚክ ዓይነት ከሆነ የማሟሻው ልክ ስለሚለይ የአምራቹ መጽሐፍ ይታይ።

ሦስተኛ፤ ሾፌሩ ሁልጊዜ በዝቅተኛው ማርሽ ይነሣ፤ በዳገት ሲቆም መኪናውን በእጅ ፍሬን ይያዝ። የማሟሻው ጊዜ ሲያልቅ የፔዳሉ ልቀት በመካኒክ ታይቶ ይስተካከል፤ ይህም በመኪናው መዝገብ ይጻፍ።

አራተኛ፤ ፍሪሲዮን ተቃጠለ ተብሎ ኮሚቴ ሲሰየም ከማንኛውም ምስክር በፊት የጋራዡ ወረቀትና የስምሪቱ ትእዛዝ ይቅረቡ። ጭነቱን ያዘዘው ሰውም ቃሉን ይስጥ።

ይህ ሁሉ አዲስ በጀት የሚጠይቅ ነገር አይደለም። አንድ ወረቀት፥ አንድ ፊርማና ጥቂት ቀናት ትዕግሥት ብቻ ነው። በጊቤ ዳገት ላይ የቆመ መኪና ግን የራሱን ጭነት ብቻ ሳይሆን ከኋላው የተሰለፈውን አውቶቡስና በሽተኛ የጫነውን መኪና ጭምር ያስቆማል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፥ ጥቂት ቀን ለማትረፍ ብለን ወራቱን ሙሉ ከምንለቅም፥ በነሐሴ የሚፈርሙ እጆች በጊዜው ይፈርሙ እላለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከጅማ